ሕግ በሕይወት አለች ያላት ሴት

ደጊቱ ስትሞት አልነበርኩም። ከሞት ስትመለስ ግን አይቻታለሁ፤ እንዲያ ያለውን ነገር ደግሞ ሰው ባያየው ይሻለዋል።

ቆዩ፣ ከሥሩ ልናገር። ይርጋ እባላለሁ። እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ፍርድ ቤት ውስጥ የችሎት ተላላኪ ነኝ። ባለጉዳይ በስሙ ጠርቼ አስገባለሁ፣ መጥሪያ አደርሳለሁ፣ ችሎት ውስጥ ስልኩ የሚጮህበትን እቆጣለሁ። ጠባየ ክፉ ነው ይሉኛል። ቀኑን ሙሉ የሰው ጭቅጭቅ ሲሰማ የሚውል ሰው ጠባዩ ምን ሊሆን ኖሯል? ወንድም ወንድሙን ሲክድ ሰምቼ፣ ቤቴ ገብቼ እራቴን በልቼ እተኛለሁ። የደጊቱ ጉዳይ ብቻ ነው ከደጅ አልመለስልህ ያለኝ። ስበላም አብሮኝ ይቀመጣል፣ ስተኛም ከራስጌዬ ይቆማል።

እኔና እሷ ያንድ ጎጥ ልጆች ነን። ደጊቱን ሰው ሁሉ የሚያውቃት በሳቋ ነበር። ወንዝ ማዶ ሆና ከሳቀች እኛ ወዲህ ማዶ ሆነን ‹ዛሬ ደግሞ ማንን ይዛ ነው› እንላለን። ያገባት አያሌው ደግሞ በተቃራኒው ዝም ብሎ ተወልዶ ዝም ብሎ ያደገ ሰው ነው። ሰላም ስትለው እንኳ ራሱን ዝቅ ከማድረግ በቀር ቃል አያባክንም። ‹አንተ ሰውዬ፣ ያገባሃት ላንተም እንድታወራልህ ነው አይደል?› እያልን እናሾፍበት ነበር። ፈገግ ይላል፣ ሚስቱን ያያል፣ አለቀ። ልጅ አልወለዱም። ግን አንድም ቀን ሲጣሉ ተሰምቶ አይታወቅም፤ በኛ ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሃያ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። በክረምት ተስቦ ገባ። ብዙ ሰው ጣለ፣ ደጊቱንም ጣለ። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር በቃሬዛ አውጥቶ ጤና ጣቢያ ማድረስ አልተቻለም። ትኩሳቱ ሲጠና ዓይኗ ተገለበጠ፣ ሰው መለየት ተወች። አጎቷ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል የቤተሰቡ ታላቅ ነበሩ፤ እሳቸው ናቸው ‹ይቺ ልጅ ከነዓለሟ አትሂድብኝ፣ ቆብ ትድፋ› ያሉት። በኛ አገር ይኼ አዲስ ነገር አይደለም። ሊሞት የደረሰ ሰው መንኩሶ ቢሞት ለነፍሱ ይበጀዋል ተብሎ ይታመናል። ለመነኩሴ ደግሞ፣ ለዓለም ሞቷልና፣ የሙት ሥርዓት ነው የሚደረግለት። ይገነዛል። መጽሐፈ ግንዘት ይነበብለታል። ፍትሐት ይደርስለታል። ከዚያ በኋላ ቢተነፍስም የሚተነፍሰው ሌላ ሰው ነው፣ ስሙም ሌላ ነው።

አንድ መንገደኛ መነኩሴ ክረምቱ ይዟቸው እኛ ደብር ተቀምጠው ነበርና እሳቸው ተጠሩ። ሥርዓት ነውና ፈቃዷን ጠየቋት። ‹ዓለምን ትተሻል ወይ?› አሏት። ራሷን ነቀነቀች። ‹ትመነኩሻለሽ ወይ?› አሏት። አሁንም ነቀነቀች። ‹ፈቅዳለች› ተባለ። አያሌውን በሩ ላይ እንደቆመ ጠየቁት፤ ‹ነፍሷ ትትረፍልኝ እንጂ› አለ። ከጋብቻው ወዲህ በአደባባይ ከተናገራቸው ቃሎች ረጅሙ ይኼው ሳይሆን አይቀርም።

እናቴ ግን የደጊቱን እግር ይዛ ከጎኗ ነበረች። እስክትሞት ድረስ እንዲህ ትለን ነበር፦ «የምን መፍቀድ! ብርዱ ነው እንጂ ያንዘፈዘፋት። ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ነበር። ያን ጊዜ ቤትሽን በእሳት እንልቀቀው ወይ ቢሏትም ትነቀንቅ ነበር።» ‹ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?› ስንላት ‹በመነኩሴና በመሪጌታ መሀል እኔ ማን ነኝ?› ብላ ታለቅሳለች።

ደጊቱን ወለተ ሚካኤል ብለው ገነዟት፣ ቆቡን ደፉላት፣ ፍትሐቱን አደረሱላት። ሞትን ግን ማንም አላዘዘውም። ላብ አጠመቃትና ትኩሳቱ ለቀቃት።

እኔ ያን ጊዜ ደብረ ታቦር ነበርኩ፤ ወንዙ ሲጎድል መጥቼ ‹እንኳን እግዜር ማረሽ› ልበል ብዬ ቤቷ ገባሁ። ዐልጋው ላይ ተቀምጣለች። ቤት ሙሉ ሰው አለ፣ የሚያወራ ግን የለም። እጇን ወደ ራሷ ታነሳለች፣ ቆቡን ትነካለች፣ ታወርዳለች፤ ደግማ ታነሳለች። ከዚያ አየችኝ። «ይርጋ፣ ምንድን ነው ያደረጉኝ?» አለችኝ። ልጅ ነው የምትመስለው። መሪጌታ ናቸው የመለሱላት። «እግዚአብሔር የፈቀደውን ነው፣ እማሆይ» አሏት። እማሆይ! ትናንት በስሟ የሚጠሯትን፣ ጆሮዋን ቆንጥጠው ያሳደጓትን ልጅ! ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። አያሌው ውጪ አጥሩን ተደግፎ ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ ቆሟል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሊነካት አይችልም።

‹ለምን ቆቡን አልጣለችም?› ትሉ ይሆናል። ከተሜ ናችሁ፣ አልፈርድባችሁም። ቆብ የጣለች ሴት እኛ ዘንድ የት ትገባለች? ማን ውሃ ያጠጣታል? ባሏስ ቢሆን ሙት አውጥቶ ቤቱ አስገባ ሊባል ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ጎጆ ተሠራላትና ገባች።

ከዚያ ደግሞ ጉድ ተጨመረ። ለተዝካሯ ተብሎ ጌሾው ተወቅጧል፣ ጠላው ተጠንስሷል። ‹ይባክን ወይ?› ተባለና የቁም ተዝካር ተደረገላት። ዳሱ ውስጥ፣ ከመነኮሳቱ ጋር፣ ጥግ ይዛ ተቀምጣ የራሷን ተዝካር በላች። እኔም ነበርኩ። ጉርሻው አልወርድ ብሎኝ አንዱን እንጀራ ስቆራርስ ዋልኩ። የአያሌው ወንድም ፍሥሐ ግን እስኪጠግብ በላ! ጠላውን በየማንቆርቆሪያው ሲያስቀዳ፣ ‹ነፍስ ይማር› ሲል፣ ‹ደግ ሴት ነበረች› ሲል ዋለ። እሷ ከፊቱ ተቀምጣ እኮ ነው።

እንዲህ ሆና ኖረች። ሰው አልጠላትም፤ ፈራት። ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን አንስተው ዘወር ይሉላታል። ልጅ ሲያለቅስ ‹ያችውልህ መጣች› ይባላል። አብረዋት የፈተሉ ጓደኞቿ እጅ ነስተው ያልፋሉ እንጂ ቆመው አያወሩም፤ ከሙት ጋር ስለ ዘንድሮው ገብስ ምን ይወራል? ሳቋ ጠፋ። አንድ የመኸር ቀን ብቻ፣ አውድማ ላይ በሬ ሲወድቅ አይታ ይሁን እንጃ፣ ያ የድሮ ሳቅ ከቅጥሩ ውስጥ ተሰማ። የሚወቁት ሰዎች መንሻቸውን ጥለው አማተቡ። እኔም አማተብኩ። ሁለተኛ አልሳቀችም።

ጎጆዋ ጉብታው ላይ ስለሆነ የራሷ ቤት ቁልጭ ብሎ ይታያታል። ጭስ ሲወጣ ታያለች። አያሌው ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ያለችውን ማሳ ሁልጊዜ መጨረሻ ያርሳታል፤ ሲያርሳትም ቀስ ብሎ ነው። ቃል ሲለዋወጡ ያየ የለም። መኸር ሲገባ ከደጇ ገብስ ተቀምጦ ታገኛለች፣ ማን እንዳስቀመጠው አትጠይቅም።

ብዙ ዓመት ብቻውን ከኖረ በኋላ ሽማግሎቹ አላስቀምጥ አሉት። ‹ሚስትህ ሞታለች፣ ፍትሐት ደርሶላታል› አሉት፤ ካህናቱም ይሁን አሉ። የኔነሽ የምትባል ከስማዳ ከወገዳ በኩል የመጣች፣ እናት አባት የሌላት፣ ጸጥ ያለች ሴት አገባ። ፍርድ ቤት ሄዶ ከደጊቱ ጋር ፍቺ ማስወሰን የሚባል ነገር ለአንድም ሰው በሐሳቡ አልመጣለትም። ከሞተች ሚስት ጋር ፍቺ የሚጠይቅ ሰው ማን አይቶ ያውቃል? የኔነሽም ልጅ አልወለደችለትም፤ ግን ቤቱን አደሱ፣ ከብት አረቡ፣ ጥሩ ኖሩ።

አምና አያሌው በሳንባው ታሞ ሞተ። የተቀበረው ከደጊቱ ጎጆ ፊት ለፊት፣ ጉድጓድ ቆፋሪው አካፋውን ሲወረውር አፈሩ ግድግዳዋ ላይ በሚረጭበት ቦታ ነው። የኔነሽ ደረቷን እየመታች አለቀሰች፣ አገር አለቀሰላት። የደጊቱ ጎጆ በር ተዘግቶ ነበር። ለቅሶው እስኪያበቃ፣ ሰው እስኪበተን፣ ያንን በር ሳይ ዋልኩ። አልተከፈተም። ሙት ለሙት አያለቅስምና መብቱ የላትም።

አሁን ፍሥሐ ተነሣ። ያ ተዝካር በላተኛ! ‹የኔነሽ የወንድሜ ሚስት አይደለችም› ብሎ ከሰሰ። ‹ወንድሜ ቀድሞ ያገባት ሚስቱ ደጊቱ በሕይወት አለች፤ በሕግ አልተፋቱም። እንግዲያ የሁለተኛዋ ጋብቻ ፈራሽ ነው። ደጊቱ ደግሞ መነኩሲት ናት፣ ንብረት አልፈልግም ብላኛለች፤ ቤቱም ከብቱም ለኔ ይገባል› አለ። የኔነሽ ሚስት አይደለችም ከተባለ በለበሰችው ነጠላ ትወጣለች። ሚስት ነበረች ከተባለ ድርሻዋን ይዛ እዚያው ቤቷ ትኖራለች። ነገሩ ይኸው ነው።

የደጊቱን የምስክርነት መጥሪያ እኔ ነኝ ያደረስኩ። መንገዱ ተዘግቶ በተከፈተ ሰሞን ነው። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች።

«እማሆይ፣ ከፍርድ ቤት ነው የመጣሁ።»

«ሙት ይከሰሳል እንዴ፣ ይርጋ?»

ቀልዳ ይሁን የምሯን አልለየሁትም። «ኧረ ክስ አይደለም፣ ለምስክርነት ይፈለጋሉ» አልኳት። አንብብልኝ አለች። አነበብኩ፦ «ወይዘሮ ደጊቱ ይስሐቅ፣ የሟች አቶ አያሌው ሚስት…»

እንዝርቱ ቆመ። «ምን አልክ?»

«የሟች አቶ አያሌው ሚስት።»

«እንዲያ ተብሎ ነው የተጻፈው?»

«አዎ፣ እማሆይ።»

«ማነው የጻፈው?»

«መንግሥት ነዋ» አልኳት፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ማንበብ አትችልም። ማኅተሙን በጣቷ ነካችው፣ ጽሕፈቱንም ነካችው። «እንግዲያ እነሱ ዘንድ በሕይወት አለሁ ማለት ነው» አለችና ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ጉብታውን ስወርድ ዞሬ ለማየት አልደፈርኩም። አንድ ትልቅ ሰው ነኝ እኮ፣ ፀሐይ ገና ከአናት ነው፤ እንደ ልጅ እየሮጥኩ ወረድኩ።

የቀጠሮው ዕለት ችሎቱ ጢም አለ። ዳኛ ጌዲዮን ወጣት ነው፣ የደብረ ታቦር ልጅ፣ ልቡ ቅን፣ ነገር ሲከብደው መነጽሩን አውልቆ የሚወለውል። የፍሥሐ ጠበቃ ደሳለኝ ይባላል፤ እሱ ደግሞ ሲናገር እንደ ደህና ዘፋኝ ድምፁን ይወድደዋል። የኔነሽ ጠበቃ የላትም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ ራሷን ደፍታ ቆማለች።

ደሳለኝ ጀመረ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ የሕጉ ቃል ግልጽ ነው። ጋብቻ የሚፈርሰው ከተጋቢዎቹ አንዱ ሲሞት፣ ጠፍቶ መጥፋቱ በፍርድ ሲነገር፣ ወይም ፍርድ ቤት ፍቺ ሲወስን ነው። መመንኮስ አይልም። ቆብ አይልም። ሕግ ግልጽ ሲሆን ዳኛ ያነበዋል እንጂ አይተረጉመውም።»

«ይህ ሕግ ሁለተኛ ጋብቻ ሲከለክል ማንን ለመጠበቅ ነው?» አለ ዳኛው።

«የመጀመሪያዋን ሚስት፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«አቶ ፍሥሐ የመጀመሪያዋ ሚስት ናቸው?»

ችሎቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ሥራዬ ነውና ‹ጸጥታ!› አልኩ። ደሳለኝ ግን አልደነገጠም። «ዛሬ ስላዘኑላት የሕጉን ቃል ከተዉት፣ ነገ የሚያዝንልን ዳኛ ያጣን ጊዜ በምን እንከራከራለን? ቃሉ ነው እኮ የሁላችንም ጥላ» አለ። እውነት ለመናገር ይኼኛው ነገር ልቤን ነካው። ጠበቃ እውነት ሲናገር ደግሞ የባሰ ያስፈራል።

ዳኛው መነጽሩን አወለቀ። «ምስክሯን ጥራ» አለኝ።

በሩ ላይ ቆሜ «ወይዘሮ ደጊቱ ይስሐቅ!» ብዬ ተጣራሁ። ከቀበሌያችን የመጡት ሰዎች እንደ አንድ ሰው አማተቡ። ያን ስም ሃያ ዓመት ሙሉ ጮክ ብሎ የጠራው አልነበረማ። መቋሚያዋን ተደግፋ ገባች። እጇን መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ ጭና ማለች።

«ስምዎ ማን ይባላል?» አለ ዳኛው።

«የትኛው?» አለች።

ሁለቱም ተመዘገበ። ከዚያ ዳኛ ጌዲዮን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማሆይ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅዎ። የመነኮሱት በፈቃድዎ ነው ወይስ ያለፈቃድዎ?» አላት።

የኔነሽን አየቻት። የኔነሽ ቀና አላለችም።

«ያለፈቃዴ ነው ብል ምን ይሆናል?» አለች ደጊቱ።

ደሳለኝ ተነሣ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ለምስክር ይህ አይነገርም!» ልክ ነው፣ አይነገርም። ዳኛው ያውቃል። ግን ፊቱን ከእሷ አላዞረም።

«ትዳርዎን የተዉት እርስዎ አይደሉም ማለት ነው» አላት። «የሕጉ ቃልም፣ ሕጉ የወጣበት ሐሳብም እርስዎን ይጠብቃሉ። አቶ አያሌው እስኪሞቱ ድረስ ሚስታቸው እርስዎ ነበሩ እላለሁ። ሌላ ሚስት አልነበራቸውም እላለሁ።»

«በፈቃዴ ነው ብልስ?»

«ያን ጊዜ ቃሉን ትቼ ሐሳቡን እከተላለሁ። እርስዎ በገዛ እጅዎ የዘጉትን ትዳር ሕጉ ክፍት ነው ሊል አላሰበም። ወይዘሮ የኔነሽ ሚስቱ ነበሩ እላለሁ።»

ደጊቱ መቋሚያዋን ጨበጠች። «የመጀመሪያውን ይድገሙልኝ» አለች።

«የቱን?»

«እስኪሞት ድረስ ያሉትን።»

ዳኛው ደነገጠ መሰለኝ። «አቶ አያሌው እስኪሞቱ ድረስ ሚስታቸው እርስዎ ነበሩ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ዓይኗን ጨፈነች። ሃያ ዓመት ‹ሞተሻል› የተባለች ሴት፣ በሕይወት አለሽ፣ ያውም ሚስቱ ነሽ ያላት ያ ደረቅ የሕግ ቃል ብቻ ነበር። ፍሥሐ ለስስቱ የያዘው ቃል! ደግ ነው የምንለው ዳኛ ደግሞ፣ ለየኔነሽ አዝኖ፣ ይቺን ሴት ሁለተኛ ሊቀብራት ፈቃዷን ይጠይቃታል። መነኩሴውም ጠይቀዋት ነበር። ልጮህ ቃጣኝ፤ ለማን እንደምጮህ ግን አላወቅሁም።

ዓይኗን ገለጠች። የኔነሽን እንደገና አየቻት፤ አሮጌ ጫማዋን፣ ያዘቀዘቀችውን ነጠላዋን አየች።

«ፈቅጄ ነው» አለች።

«ጮክ ይበሉ።»

«ፈቅጄ ነው። ጠየቁኝ፣ እሺ አልኩ። ደጊቱ ያን ቀን ሞታለች።»

ደሳለኝ ዘለለ። «ተስቦ ይዞዎት ራስዎን ስተው አልነበረም? ምን እንደተጠየቁ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ ልጄ። ልቤ እንደዚያን ቀን ብሩህ ሆኖ አያውቅም።»

እጇ ገና መጽሐፉ ላይ ነበር። መነኩሲት ናት! በዚያ መጽሐፍ የምትኖር ሴት ናት! የኔ እናት ያን ቀን እግሯን ይዛ ነበር። ደጊቱ ነፍሷን አውጥታ ለየኔነሽ ስትሰጣት እኔና የቀበሌያችን ሽማግሎች እያየን ዝም አልን። አጎቷ መሪጌታ በሕይወት ቢኖሩ ምን ይሉ ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ‹ይኸው፣ ፈቅዳለች› ይሉ ነበር።

ፍርዱ ለከሰዓት ተባለ። ዳኛው በኮሪደሩ ሲያልፍ ክንዴን ያዘኝ። «ይርጋ፣ አንተ ያገሩ ሰው አይደለህ? እውነቷን ነው?» አለኝ። ዓይኑ ተጨንቋል፣ አሳዘነኝ። ግን ተናደድኩም።

«እኔ ምስክር አይደለሁም፣ ክቡር ዳኛ። ምስክሯን ጠይቀዋታል፣ መልሳለች» አልኩት።

ለቀቀኝ። ሳይረዳ የቀረ አይመስለኝም። ከሰዓት በኋላ ሲያነብ ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። የሕግ ቃል የወጣበትን ዓላማ እንዲያጠፋ ሆኖ አይነበብም አለ፤ ምስክሯ በገዛ ፈቃዳቸው ትዳራቸውን ትተው እንደወጡ በመሐላ አረጋግጠዋል አለ፤ የኔነሽ የአያሌው ሕጋዊ ሚስት ነበረች ብሎ ወሰነ። ፍሥሐ ‹ይግባኝ!› እያለ በሩን ገፍቶ ወጣ። የኔነሽ እልል አላለች፣ አላለቀሰች፤ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ደጊቱ ግን ፍርዱ ሳያልቅ ወጥታ ነበር።

ያገኘኋት ከግቢው በር አጠገብ፣ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ባሻገር፣ ባሕር ዛፉ ሥር ነው። መንገድ እስክትጀምር ልሸኛት ብዬ ሄድኩ። የኔነሽ ከኋላዬ እየሮጠች መጥታ እግሯ ሥር ወደቀች።

«እማሆይ፣ በመጽሐፍ ምለው… ስለኔ… እኔ ምን አድርጌልዎት?»

«ተነሽ፣ ሰው ያያል» አለቻት።

«እሱ ነግሮኛል» አለች የኔነሽ፣ ሳትነሣ። «ብርድ ነበር እንጂ እሺታ አልነበረም፣ በሩ ላይ ሆኜ አይቻለሁ ብሎ ነግሮኛል።»

የደጊቱ ፊት ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም።

«ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር፣ እማሆይ። ከመሪጌታ ጋር ልሟገት አቅም አጣሁ ይል ነበር። ያረሰ ቀን ሁሉ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ያረሰ ቀን፣ እራት አይበላም ነበር።»

ደጊቱ ጎንበስ ብላ የኔነሽን በክንዷ አስነሣቻት። ነጠላዋን አቃናችላት። እኔ መሄድ ነበረብኝ፣ እግሬ ግን እምቢ አለ።

«ሲሞት አጠገቡ አንቺ ነበርሽ?» አለቻት።

«አዎ።»

«ምን አለ?»

የኔነሽ እኔን አየችኝ። ጸሎት አደረገ ልትላት ትችል ነበር፣ ቄስ ጥሩልኝ አለ ልትላት ትችል ነበር፤ ማን ያጣራባታል? ፍርዱ ተፈርዷል፣ ቤቱ የሷ ነው፣ ሚስቱም እሷ ነች ተብሏል።

«‹ደጊቱ፣ ውሃ ስጪኝ› አለ» አለች የኔነሽ። «አቤት ብዬ ሰጠሁት።»